ቃል መስጠትና ማጫወት፤ ስለ አንዲት የጋዜጠኝነት ተማሪ መልመጃዎች

የተማሪ የክፍል መልመጃ ለሒስ የሚቀርብ ጽሑፍ አይደለም የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። በእኛ ልማድ ሒስ የሚጻፈው በታተመ ልብ ወለድ ላይ፣ በታወቀ ባለቅኔ መድበል ላይ፣ አለበለዚያም አንዱ ድርጅት በሌላው ላይ ባወጣው መግለጫ ላይ ነው። ለውጤት ተብሎ ተጽፎ፣ በቀይ ብዕር ታርሞ ወደ መሳቢያ የሚገባ ወረቀት ከአስተማሪው በቀር አንባቢ የለውም። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ በስደት አገር ስለ ራሱ እንዴት እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚመልስ ለማወቅ ለሚሻ ሰው፣ ተቃንቶና ተለስልሶ ከታተመው ጋዜጣ ይልቅ ገና ስፌቱ የሚታየው መልመጃ የበለጠ ይናገራል። ስሕተቱ እንኳ ማስረጃ ነውና።

ከዚህ በታች የምመረምራቸው ወረቀቶች በአውሮራ ተወልዳ ያደገች፣ የኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጅ፣ በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት የጋዜጠኝነት ትምህርት ላይ የሠራቻቸው ናቸው። እንዳነባቸውና እንድጽፍባቸው ፈቅዳልኛለች፤ እርሷንም ሆነ ያነጋገረቻቸውን ሰዎች፣ ኮሌጁንም ጭምር በስም አልጠራም። መልመጃዎቹ በሦስት የተከፈሉ ናቸው፤ የቃላት ጥናት፣ ቃለ መጠይቅ፣ እንዲሁም እዚህ አገር ፊቸር የሚሉት፣ የእኛ ዜና ክፍሎች ሐተታ ሲሉት የኖሩት ረዘም ያለ ጽሑፍ። ወረቀቶቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጽፈዋል። ቃለ መጠይቆቹ ግን የተካሄዱት በአብዛኛው በአማርኛ ነው፤ የድምፅ ቅጂያቸውም ከወረቀቱ ጋር ደርሶኛል። ጉዳዬ በድምፁና በወረቀቱ መካከል ያለው ርቀት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ይህች ልጅ ሙያውን የምትማርበት ከተማ ጋዜጣ የጠገበበትን ዘመን አሳልፏል። እ.ኤ.አ. በ1859 የተመሠረተው ሮኪ ማውንቴን ኒውስ 150ኛ ዓመቱን ለማክበር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2009 የመጨረሻ እትሙን አውጥቶ ተዘጋ። ዴንቨር ፖስት ደግሞ በ2018 በገዛ ባለቤቶቹ ላይ የተቃውሞ ርእሰ አንቀጽ እስከ መጻፍ ደርሷል። ስለዚህ በኮልፋክስ ጎዳና ግራና ቀኝ የሚኖሩት ወገኖቻችን የዘጋቢ ብዛት ያጨናነቃቸው ሰዎች አይደሉም። ስለ እነርሱ ከሚጻፈው ጥቂት ነገር ከፊሉ የተማሪ መልመጃ ነው፤ ችላ ሊባል የማይገባውም ስለዚህ ነው።

ከቃላቱ ልጀምር። የመጀመሪያው ዝርዝር የዜና ክፍልን የዕለት ተዕለት መጠሪያዎች የያዘ በመሆኑ ብዙ የሚያስተች ነገር የለውም። ሁለተኛው ግን የሌላ ሰውን ንግግር ስናስተላልፍ የምንጠቀምባቸውን ግሦች የሚመለከት ነው። መምህሩ የሰጠው ደንብ አጭር ነው፤ ሰው ሲናገር «አለ» ወይም «አለች» ብሎ ማለፍ፤ ከዚያ ያለፈ ጌጥ አለመጨመር። ተማሪዪቱ ከእንግሊዝኛው ግሥ ትይዩ በእርሳስ በፊደላችን የደረደረችው ግን ይህ ነው፤ አለ፣ ተናገረ፣ ገለጸ፣ አስታወቀ፣ አመለከተ፣ አስረዳ፣ አሳሰበ፣ አስገነዘበ። ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት ከአባቷ ሬዲዮ እንደሆነ ነገረችኝ። ምንጩ ትክክለኛ ነው። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በተፈራረቁት መንግሥታት ሁሉ የጋዜጣና የሬዲዮ አማርኛ የተናጋሪውን ማዕረግ የሚያሳውቀው በግሡ ነው። ሚኒስትሩ ያስገነዝባሉ፣ ያሳስባሉ፤ የመምሪያ ኃላፊው ያስታውቃሉ፤ ገበሬው ይጠይቃል፣ ያመሰግናል፣ ቢበዛ ደስታውን ይገልጻል። ለመሆኑ ገበሬ ሚኒስትርን ሲያስገነዝብ በየትኛው ዜና ላይ ተነቦ ያውቃል? ያ የዴንቨር መምህር የሰጠው ደረቅ ደንብ፣ እርሱ ሳያውቀው፣ ይህን የግሥ ደረጃ በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል። ሚኒስትሩም አሉ፤ ገበሬውም አለ። (እርግጥ ነው፣ በ«አሉ» እና በ«አለ» መካከል ያለው ልዩነት ይቀራል። ወደ እርሱ በኋላ እመለስበታለሁ።)

ከዝርዝሩ ውስጥ ጉዳት ያደረሰው ቃል ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ጥፋቱን ለሚናዘዝ፣ የተባለው ልክ መሆኑን ለሚቀበልና በፈጣሪው ለሚያምን ሰው የተለያዩ ግሦች አሉት። ተማሪዪቱ ለሁሉም የጻፈችው አማርኛ «አመነ» የሚል ነው፤ በዚህ የምትወቀስ አይደለችም። ተከሳሽ ያምናል ወይም ይክዳል፤ ምእመንም ያምናል። ችግሩ የመጣው ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው ነው። ካነጋገረቻቸው ሁለት ሰዎች አንዱ የታክሲ ነጂ ነው። ይህ ሰው በድምፅ ቅጂው ላይ በሱዳን በኩል እንደ ወጣ እንዲሁ በወግ ሲያወራ ይሰማል፤ በወረቀቱ ላይ ግን በሱዳን በኩል መውጣቱን ይናዘዛል። መምህሩ በኅዳጉ ላይ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ጠይቆባታል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መዝገበ ቃላት ይረዳት ነበርን? ከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሟቸው መዛግብት የቃልን ሥር ለሚሻ ሰው ዛሬም የሚያኮሩ ናቸው። ቶማስ ኬን እ.ኤ.አ. በ1990 በሁለት ዳጐስ ያሉ ጥራዞች ያወጣው ደግሞ ፍቺውን ሁሉ ይደረድርላታል። የትኛው ፍቺ ለችሎት፣ የትኛው ለወግ እንደሚስማማ ግን ቋንቋው ውስጥ የኖረ ሰው አጠገቧ ካልተቀመጠ በቀር ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከግሦቹ ቀጥሎ የሚነሣው የትእምርተ ጥቅስ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ጋዜጣ ሥርዓት ከተናጋሪው አፍ እንደ ወጣ የተቀመጠውን ቃልና ዘጋቢው በራሱ አነጋገር ያስተላለፈውን በጥብቅ ይለያል። አማርኛ በዚህ ረገድ የራሱ ጠባይ አለው። «ነገ እመጣለሁ አለ» ስንል የሚመጣው የምናወራለት ሰው ነው እንጂ እኛ አይደለንም፤ «እኔ»ነቱን በእኛ አንደበት እንዲናገር እንፈቅድለታለን። «ጀግና ነኝ ይላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንግሊዝኛ ያለ ጥቅስ ምልክት ሊሸከመው አይችልም፤ ለእኛ ግን የዕለት ንግግር ነው። የቋንቋ ሊቃውንት አማርኛን በዚህ ጠባዩ ደጋግመው ለአብነት የሚጠቅሱትም ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪዪቱ «አለ» የተከተለውን ሁሉ ቀጥተኛ ንግግር አድርጋ በጥቅስ ከትታዋለች፤ ማን እንደ ተናገረ ግን ሁልጊዜ አልለየችም። ከዚህ የተነሣ፣ ያነጋገረቻቸው ሽማግሌ ስለ ወንድማቸው ሲያወሩ «አልሸሽም አለ» ያሉት በወረቀቱ ላይ የራሳቸው የሽማግሌው ቃል ሆኖ ተጽፏል። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ሰው ፊቱ ያለው ያልሸሸ ሰው ይመስለዋል። በድምፅ ቅጂው ላይ ግን የሸሹት እርሳቸው ናቸው፤ የቀረው ወንድማቸው ነው። በአንድ ጥንድ ጭረት ሕያውና ሙት ቦታ ተለዋወጡ።

ወደ ቃለ መጠይቁ ስንመጣ ነገሩ ይጠልቃል። መምህሩ ያዘዘው ሥርዓት በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኝ ነው፤ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የትውልድ ቦታ አስቀድመው ይጠየቃሉ፤ ቀጥሎም በአዎና በአይደለም ብቻ የማይመለሱ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። በሥርዓቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ተጠያቂው ማን ነው? አማርኛ ጥልቅ የጥያቄ ባህል አለው፤ ይሁንና ባህሉ በአብዛኛው የችሎት ነው። በጥንቱ ሙግት ባላጋራ ባላጋራውን «ተጠየቅ» ይለዋል፤ በአውጫጭኝ አገሬው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይመረመራል፤ ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ የተናገረ ሰው «ቃሉን ሰጠ» ይባላል። ቃለ መጠይቅ የሚለው ስም ራሱ የተሠራው ከእነኚሁ ቃላት ነው፤ ከቃልና ከመጠየቅ። በዚህ ላይ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ታሪክ ይጨመርበት። በከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 የተቋቋሙት ቀበሌዎች መጀመሪያ ቤት ኪራይ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ኋላ የሆኑትን አንባቢ ያውቃል። ደብተር የያዘ ወጣት በራፍ ላይ ቆሞ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የትውልድ ቦታ ሲጠይቅ ምን እንደሚከተል ያየ ትውልድ ነው ዛሬ በአውሮራ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ የተቀመጠው። መጽሐፉ ተጠያቂውን ለማላመድ ብሎ ያስቀደማቸው አራት ጥያቄዎች ለዚህ ሰው የሚያላምዱ አይደሉም።

በድምፅ ቅጂው ላይ ይህ በግልጽ ይሰማል። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ሽማግሌው ከአንድ ዓረፍተ ነገር የሚበልጥ መልስ አልሰጡም። ስለ አገር ቤት ኑሯቸው ስትጠይቃቸው እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ፤ ስለ ሥራቸው ስትጠይቃቸውም እንዲሁ። ዕድሜያቸውን የሚነግሯት በመታወቂያቸው ላይ እንደ ተጻፈው ነው፤ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ነው። በስደተኛነት ወደዚህ አገር ከገቡት ወገኖቻችን ስንቱ ጃንዋሪ 1 እንደ ተወለደ ለሚያውቅ ሰው ይህ መልስ ከመልስ አይቆጠርም። ተማሪዪቱ በወረቀቷ ላይ እንደ እውነተኛ የልደት ቀን መዝግባዋለች።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ልጅቱ፣ ደክሟት ይመስለኛል፣ «እስቲ ዝም ብለህ አጫውተኝ» ትላቸዋለች። ሽማግሌው ይሥቃሉ። ቀጥሎ ያለው ከግማሽ ሰዓት በላይ የሆነ ወግ ነው፤ እርሷ ጣልቃ የገባችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ነገሮች ሆነዋል። አንደኛው፣ እስከዚያ ድረስ ተጠንቅቃ፣ ምናልባትም እናቷ አስጠንታት፣ «እርስዎ» ስትል የቆየችው ልጅ በቤቷ አማርኛ አባቷን እንደምትጠራው «አንተ» አለች። ከላይ ያቆየሁት ጉዳይ ይኸው ነው። ያ ደብተር የያዘው የቀበሌ ወጣትም እኒህን ሰው «አንተ» ነበር ያላቸው። አንዱ መጠሪያ በአንዱ አፍ ንቀት፣ በሌላው አፍ ልጅነት ነው፤ ሽማግሌው ልዩነቱን ለመለየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሁለተኛው፣ «ልጠይቅህ» የሚለው ቀርቶ «አጫውተኝ» መጣ። በእኛ ዘንድ ሰው ልቡን የሚከፍተው ለጥያቄ ሳይሆን ለጨዋታ ነው። ይህን ከማንም ይልቅ የተረዳችው መዓዛ ብሩ ትመስለኛለች። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» ብላ በሰየመችው ዝግጅት አንድን አረጋዊ በየሳምንቱ እየመለሰች በማቅረብ ያሰባሰበችው የድምፅ ታሪክ፣ እኛ በየመጽሔታችን ከጻፍነው የዘመን ትንተና ብዙውን የሚያስንቅ ነው። ቀደም ሲልም ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ የጥያቄውን አቅጣጫ ገለበጠው፤ ጠያቂው አንባቢ፣ ተጠያቂው ጋዜጠኛው ሆነ። በባለሥልጣን ፊት መጠየቅን ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ራሱ ጠያቂ መሆንን የተለማመደው በእንዲህ ያለው ዓምድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ተማሪዪቱ ግን ይህን ቅጽበት እንደ ስሕተት ቆጥራ ከወረቀቱ አውጥታዋለች። መምህሩም ሊያውቀው የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ ሁሉም «ዩ» ነው።

ከወጉ ውስጥ ወደ ወረቀቱ የተሻገረው ዘጠኝ መስመር ነው። ከእነርሱ አንዱ ላይ ማረፍ ያስፈልጋል። ሽማግሌው በድምፁ ላይ «ከፍተኛ ወሰዱኝ» ይላሉ። ወረቀቱ ደግሞ ሰዎቹ ከፍ ወዳለ ባለሥልጣን እንዳቀረቧቸው ይናገራል። መምህሩ የትኛው ባለሥልጣን እንደሆነ በኅዳጉ ጠይቋል፤ እርሷም የምትመልሰው አልነበራትም። ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራራት አያሻም፤ ቢሆንም ለልጆቹ ሲባል ይጻፍ። ከፍተኛ ማለት በደርግ ዘመን በርካታ ቀበሌዎችን የሚያስተዳድር የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር። አዲስ አበባ 25 ከፍተኛዎች ነበሯት። በቀይ ሽብር ጊዜ ከፍተኛ መወሰድ ማለት ወደ ምርመራና ወደ እስር መወሰድ ማለት ነው። አንድ ሰው በሕይወቱ ያየውን የከፋ ነገር በሁለት ቃል ተናገረ፤ ጽሑፉ ግን ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ቀጠሮ እንደ ነበረው አድርጎ አስቀረው።

ቃሉ ለዴንቨር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ አካባቢ በሚገኝ የኢትዮጵያውያን ካፌ ውስጥ አንድ የቀድሞ እስረኛ አንድ ሰው አይቶ ዐወቀው፤ በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ ከፍተኛ 15 እስር ቤት ዘበኛ የነበረ መሆኑን ለባለሥልጣናት አመለከተ። ሰውየው በ2004 በሌላ ሰው ስም በስደተኛነት ገብቶ፣ ዜግነትም አግኝቶ ይኖር ነበር። በኦክቶበር 2013 በዴንቨር የፌዴራል ፍርድ ቤት የቀድሞ እስረኞች ቀርበው መሰከሩበት፤ ጥፋተኛም ተባለ። በሜይ 2014 ዳኛ ጆን ኬን የ22 ዓመት እስራት ፈረዱበት፤ በ2015 የአሥረኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። ልብ ይባል፤ የተከሰሰው ሰው በማሠቃየት አይደለም። የተከሰሰው በስደተኛነትና በዜግነት ጉዳይ ለቀረቡለት ጥያቄዎች ሐሰተኛ መልስ በመስጠቱና በሌላ ሰው ማንነት በመጠቀሙ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሊይዘው የቻለው በጥያቄና መልስ ነበር ማለት ነው፤ ሰው አሳድደህ ታውቃለህ ወይ ተብሎ ተጠይቆ የለም ብሎ ነበርና። በእንግሊዝኛው ዘገባ የእስር ቤቱ ስም «ሃየር 15» ተብሎ ተተርጉሟል። ከተማሪዪቱ ትርጉም ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ በችሎቱ ውስጥ ትርጉሙን በሰውነታቸው የሚያውቁ ምስክሮች መገኘታቸው ነው።

የዚሁ ክስ መዝገብ የስምንም ጉዳይ ያስነሣል። የሰውየው ስም ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ ነው። በይግባኙ መዝገብ ላይ የተጻፈው ግን «ዩናይትድ ስቴትስ እና ወርቁ» ተብሎ ነው። በሰው ስም ሲኖር የተያዘ ሰው፣ የገዛ ስሙ ከታወቀ በኋላ የተፈረደበት በአያቱ ስም ነው! በዚህ አገር ሥርዓት ስሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ የመጨረሻው ስም ብቻ ይጻፋል፤ ተማሪዪቱም ደንቡን አክብራለች። ውጤቱ የሚያስቅ በሆነ ነበር፤ የታክሲ ነጂው ገና ሕፃን ሳለ የሞቱበት አባቱ፣ ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ በዴንቨር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዱ ይውላሉ። ደንቡ የማይነካ ደግሞ አይደለም። እነኚሁ የአሜሪካ ጋዜጦች የኢትዮጵያን ጠቅላይ ሚኒስትሮች መለስ፣ ዐቢይ እያሉ በራሳቸው ስም ይጽፋሉ። ለጠቅላይ ሚኒስትር የሚታጠፍ ደንብ ለታክሲ ነጂም ሊታጠፍ ይገባል፤ ተማሪዪቱ ብትጠይቅ ኖሮ መምህሩ እምቢ የሚል ሰው አይመስልም።

አሁን ወደ ሐተታው። ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያገኘው ይህ ጽሑፍ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ ደካማውም ይኸው ነው። ርእሰ ጉዳዩ ቡና ነው። በዕጣን ጢስ ይጀምራል፤ ወደ መቁላቱ ያልፋል፤ አቦልንና ቶናን አሳልፎ በበረካ ይዘጋል። በእንግሊዝኛው ላይ የሚነቀፍ ነገር የለም፤ እንዲያውም ቋንቋው ከሌሎቹ ወረቀቶች ሁሉ የጠራ ነው። የሚያሳዝነውም ይህ ነው። የጠራው የሚታየውን ስለ ጻፈች ሳይሆን ሌላው ሰው ሊያይ የሚጠብቀውን ስለ ጻፈች ነው። ምንጣፉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ በጽሑፏ እርጥብና መዓዛ ያለው ነው። ላስቲክ መሆኑን የነገረችኝ በቃል ነው። የላስቲኩ ቄጠማ፣ ከሱቅ የተገዛው፣ በመጥረጊያ የሚጠረገው፣ ከበዓል በኋላ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚገባው፣ ስለ ስደት ኑሮ ከዕጣኑ ጢስ ይልቅ ብዙ ይናገር ነበር። በቡናው ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶችም በጽሑፉ ውስጥ ይፈገጋሉ እንጂ አይናገሩም። ቡና የሚጠጣው ለወሬ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ፣ እነኚህ ሰዎች ሦስት ጊዜ በዝምታ ሲጠጡ የሚውሉ መናንያን ሊመስሉት ይችላሉ።

ጉዳት የሚመስለኝ ሌላው ነገር፣ እጇ ላይ የነበረውን ሐተታ ጥላ ይህን መጻፏ ነው። የታክሲ ነጂው በድምፅ ቅጂው ላይ ለኩባንያ በየሳምንቱ ኪራይ እየከፈለ የነዳባቸውን ዓመታት ይዘረዝራል፤ ከዚያም ነጂዎች ራሳቸው ባለቤት የሆኑበትን ማኅበር ስለ ማቋቋም ያወራል። ይህ በዴንቨር የሕዝብ ታሪክ ነው። ዩኒየን ታክሲ በ2009፣ ግሪን ታክሲ ደግሞ በ2016 ሥራ ሲጀምሩ ከባለቤቶቹ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡት ብዙ ነበሩ፤ ግሪን ታክሲ ብቻውን 800 ያህል አባላት አሰባስቧል። ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈው ሲጠብቁ ውል ያጠኑ፣ ፈቃድ ለማግኘት ከግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ፊት የቆሙ ሰዎች ናቸው። ይህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሆኗል። ለምን ቢባል ለሐተታው የተሰጠው ርእስ «ባህል» ስለ ነበረ ነው። ባህል ሲባል ልጅቱ ያሰበችው ጀበና ነው፤ ማኅበር መግባት፣ ገንዘብ ማዋጣት፣ ዳኛ መምረጥ ባህል መሆኑን ማን ይንገራት? እቁብን ያቋቋመ ሕዝብ የታክሲ ማኅበር ማቋቋሙ ከጀበናው የሚያንስ የባህል ርእስ አይደለም።

እዚህ ላይ በዓሉ ግርማን ማንሣት ይገባል። እርሱም ጋዜጠኝነትን በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው፤ ዛሬ ከፊቴ ያሉትን የመሰሉ መልመጃዎች በዚያ ሳይሠራ አልቀረም። ተመልሶ በመነን፣ በአዲስ ሪፖርተርና በአዲስ ዘመን አዘጋጅነት ሲሠራ፣ በኋላም በልብ ወለዶቹ፣ የተማረውን የዝርዝር ትኩረት ወደ አማርኛ አስገባው። በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» ዋና ባለታሪኩን ጋዜጠኛ ያደረገው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሰው ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን ሲል ምን እንደሚጠጣ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማንን ፈርቶ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያይ ዐይን ያስፈልገው ነበር። ዋጋውንም እናውቃለን፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ተማሪዪቱ በዓሉን አላነበበችውም፤ አማርኛዋ ለዚያ ገና አይደርስም። ግን ያ ዐይን እንዳላት ከመልመጃዎቹ ረቂቅ አይቻለሁ። በማስታወሻ ደብተሯ ጠርዝ ላይ፣ ለመምህሩ ባልሰጠችው ገጽ፣ ሽማግሌው «ከፍተኛ» ሲሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ሥር እንደ ደበቁ ጽፋለች። ቃሉን አላወቀችውም፤ እጁን ግን አይታዋለች።

ስለዚህ የምመክራት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ለመምህሩ የሚሆነውን እንግሊዝኛ ከመጻፏ በፊት ቅጂውን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ እንድትገለብጠው፣ ያልገባትንም ቃል እንደ ሰማችው አስቀምጣ እንድትጠይቅ። ለዚህ የሚያግዝ ሰው ማቅረብ ከማኅበራችን አቅም በላይ አይደለም። በየከተማው ያለን አባላት በየዓመቱ ለአንድ ተማሪ አንድ ቅዳሜ ብንሰጥ፣ ከ1966 እስከ 1970 ዓ.ም. ያለው ታሪክ በስሚ ስሚ ከሚተላለፍ በአማርኛው፣ ከነአነጋገሩ፣ ከነዝምታው ሊጻፍ ይችላል። የዚያ ዘመን ሰዎች ቁጥራቸው በየዓመቱ እየቀነሰ መሆኑን የየከተማው የዕድር መዝገብ ያሳያል።

ልጅቱ ካሁኑ ከዘጠኙ መስመር ውጭ ያለውን መገልበጥ ጀምራለች። ዐሥራ አንድ ገጽ ደርሳለች። ሽማግሌውንም በድጋሚ ለማነጋገር ቀጠሮ ይዛለች፤ በዚህኛው ጊዜ ዝርዝሩን ቤት ትተሽው ነይ ብለዋታል።